የቅል መቅዘፊያ

ባለፈው ክረምት የጓሮዬ በር ከነመቃኑ በስብሶ ወደቀ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ አናጺ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ከጉልበቱ በታች በሰጋቱራ ነጭ ሆኖ ነበር ያገኘሁት።

«እማማ፣ ከምን ይሁንልዎ?» አለኝ። «ጽድም አለ፣ ባሕር ዛፍም አለ፣ ዋንዛም አለ።»

ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደሚጠማዘዝ፣ ጽድ እርጥበት ቢችልም ምስማር ሲገባበት እንደሚሰነጠቅ፣ ዋንዛ ብዙም እንደማያብጥ ሳላስበው ነገርኩት። ወጣቱ መላጊያውን አስቀምጦ አየኝ። አባቴ አናጺ እንደነበረ ጠየቀኝ። አልነበረም አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፣ እኔም አልጨመርኩለትም። ዋንዛ አዝዤ ወጣሁ። የፍቅፋቂው ሽታ ግን ነጠላዬ ላይ ቀርቶ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ይህን ያስተማሩኝ አያ ልየው ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። እኛ ቤት የኖሩት ከመስቀል እስከ ሁዳዴ እኩሌታ ብቻ ነው። ያኔ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

የመጡ ዕለት ደጅ ተቀምጬ ከስንዴ እንክርዳድ እለቅም ነበር። አንድ ቀጭን፣ ፊታቸው የገረጣ ሰው የቆርቆሮ ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙና የአባቴን ስም ጠሩ። እናቴ አላወቀቻቸውም። አባቴ ከገበያ ሲመለስ አያቸውና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አሥራ ስድስት ዓመት ጠፍተው ኖረዋል። ሞተዋል ተብሎ ተዝካራቸው ሁሉ ወጥቶ ነበር።

የነበሩት ጋምቤላ ነው። በወጣትነታቸው ከአንድ የቡና ነጋዴ በቅሎዎች ጋር ወደ ምዕራብ ወረዱ፤ በባሮ ወንዝ ወደብ መጀመሪያ ከረጢት ተሸካሚ፣ በኋላ የመርከብ አናጺ ረዳት ሆኑ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን በኩል መርከብ ይመጣል ይሉን ነበር። በግራና በቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መንኮራኩር አለው። እሳት ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ መንኮራኩሮቹን ያዞራል፣ መንኮራኩሮቹ በዙሪያቸው በተመቱት ሳንቃዎች ውኃውን እየገፉ መርከቡን ያስኬዱታል። ግንድ ተንሳፍፎ መጥቶ ሳንቃዎቹን ሲሰብር፣ አዲስ እንጨት መርጠው የሚተኩት አያ ልየው ነበሩ።

ከተማችን ደብረ ማርቆስ ይህን አላመነም። የእኛ ሰው የሚያውቀው ወንዝ ዓባይ ነው፤ ገደል ውስጥ የሚጮኽ፣ ሰውም ከብትም የሚወስድ። በወንዝ ላይ ቤት የሚያክል ነገር እየጨሰ ይሄዳል ቢሉት አይሰማም። በዚያ ላይ አያ ልየው ወባ ነበረባቸው፤ ትኩሳቱ ሲነሣባቸው እየተንቀጠቀጡ ይቀባዥራሉ። መርከቡንም ያዩት በትኩሳት ነው ተባለ። ጠጅ ቤት ብቅ ሲሉ አንዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ቦታ ልቀቁ፣ መርከብ እየገባ ነው» ይላል። አባቴ ይህን ሰምቶ ሲመጣ የሚቆጣው በእሳቸው እንጂ በሳቂዎቹ አልነበረም።

«አያ፣ አየሁ ያልከውን ለራስህ ብትይዘው ምን አለበት?» ይላቸው ነበር።

እኔ አምናቸው ነበር። ያመንኩት ግን ሌላ ነገር ነው። መንኮራኩር ያለው ነገር የማውቀው የጭነት መኪና ብቻ ስለነበር፣ መርከቡ እንደ መኪና የወንዙን ወለል እየረገጠ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ «አያ፣ ወንዙ ሲጠልቅ መንኮራኩሩ መሬት እንዴት ይደርሳል?» አልኳቸው። አልሳቁብኝም። ሳፋ ውኃ አስመጡኝና መዳፌን ዘርግቼ ውኃውን ወደ ኋላ እንድገፋ አደረጉኝ።

«ምን ተሰማሽ?»

«ውኃው እምቢ አለኝ።»

«የሚረግጠው እሱን እምቢታ ነው» አሉኝ።

ጥር ላይ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር የተሰበሩ ዴስኮች እንዲጠግኑላቸው አያ ልየውን አስጠሩ። ሥራቸውን አይተው ወደዱት። ለእጅ ሥራ ትምህርት አስተማሪ አልነበረንም። ዲሬክተሩ የምስክር ወረቀት የሌለውን ሰው በራሳቸው ሥልጣን መቅጠር አይችሉም፤ ነገር ግን በመጋቢት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሹም ለጉብኝት ይመጣል፤ የሚታይ ነገር ሠርተው ካሳዩ ስለ እሳቸው እንደሚናገሩላቸው ቃል ገቡ። ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ አያ ልየው ለአፍታም አላሰቡም። መርከብ፣ አሉ። በራሱ መንኮራኩር የሚሄድ።

ያን ምሽት አባቴ እራት ላይ የሚለውን አለ። ቤቱ እንደጠበበ፣ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም የየራሱን መፈለግ እንዳለበት፣ ሥራው ከተገኘ ግን ከእኛ ጋር ቢቆዩ ቅር እንደማይለው። እናቴ ወጥ ጨመረችላቸው። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ መርከቡ ከሄደ አያ ልየው ይቀራሉ፤ መርከቡ ከቆመ አያ ልየው ይሄዳሉ።

የመርከቡን አካል ከዋንዛ ፈልፍለው በሁለት ቀን ጨረሱት፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ ይሆናል። ያስቸገሩን መንኮራኩሮቹ ናቸው። እንፋሎት ስለሌለን የሚያዞራቸው ከመኪና ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ስስ ላስቲክ የተቆረጠ አንድ ጠፍር ነበር። ጠፍሩ በዘንጉ ላይ ተወጥሮ ይጠመጠማል፤ ሲለቁት ዘንጉን እያዞረ ይፈታል። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ መንኮራኩሮቹ መቅለል ነበረባቸው። ቀልለው ደግሞ ውኃ መጠጣት የለባቸውም።

አያ ልየው አንገቱ የተሰበረ እንስራ ውኃ ሞልተው ከእያንዳንዱ እንጨት አንድ ቁራጭ ዘፈዘፉ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀርከሃ። ከመዘፍዘፋቸው በፊት እያንዳንዱን ሳንቃ ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በእርሳስ አስምረውበታል። የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ቁራጮቹን ከእንስራው አውጥቼ በየመስመራቸው ላይ ማስተኛት ነበር። ያበጠ ከመስመሩ ያልፋል። ጣቶቼ በብርድ ይደነዝዙ ነበር፤ የጥር ጠዋት ነው። የእያንዳንዱን ሽታ ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ጽድ እርጥብ ሲሆን ሽታው ይብሳል። ባሕር ዛፍ ጉሮሮ ይይዛል። ዋንዛ እምብዛም አይሸትም።

ወይራ በመጀመሪያው ቀን ሰመጠ። ጥንካሬው ግን ለመሃሉ፣ ዘንጉ ለሚያልፍበት እምብርት ይሆናል ብለው ለዩት። ባሕር ዛፍ በሦስተኛው ቀን ተጠማዘዘ። ጽድ በስስ ሲላግ ተሰነጠቀ። ዋንዛ ሲሳሳ ልፍስፍስ አለ። ቀርከሃውን ፈልጠው በሚፈላ ውኃ እንፋሎት አለስልሰው አጎበጡት፤ የመንኮራኩሩ ክብም እጅግ ጥሩ ሆነ። የቀረው ውኃውን የሚገፋው መቅዘፊያ ነበር።

እኔ ቆርቆሮ ፈለግኩ። የዘይት ቆርቆሮ ነበረን፤ ሲያበራ ያምራል፤ ሹሙ ሲያይ ይደነቃል ብዬ አሰብኩ። አያ ልየው እምቢ አላሉኝም። አንድ ቁራጭ ቆረጡና በክር በተንጠለጠለ ዘንግ አንድ ጫፍ አሰሩት፤ በሌላው ጫፍ እኩል ስፋት ያለው የቀርከሃ ስንጣቂ። የቆርቆሮው ጫፍ ወረደ።

«አንቺ የወደድሽው ብልጭታውን ነው» አሉኝ። «ብልጭታ ውኃ አይገፋም።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ቅዳሜ ገበያ ይዘውኝ ሄዱና ቅል የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ቆሙ። ሲቀዳበት የኖረ፣ ያረጀ፣ የተሰበረ ቅል እንዳላት ጠየቋት። ሴትዮዋ አየቻቸው።

«የተሰበረ ቅል የሚያማርጥ ሰው ገና አሁን አየሁ። ለምንዎ ነው?»

«ለመርከብ።»

«እንግዲያ ሲሰምጥብዎ መጥተው ሙሉውን ይግዙኛላ» አለች፤ በዙሪያዋ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ስባሪውን ግን በነፃ ሰጠችን።

መንገድ ላይ ለምን አሮጌ እንደመረጡ ነገሩኝ። አዲስ ቅል ውኃ ይጠጣል፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲቀዳበት የኖረው የሚጠጣውን ጠጥቶ ጨርሷል። ቆዳው ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ በተፈጥሮው ጎበጥ ስላለም ውኃውን እንደ መዳፍ ይይዘዋል። በጋምቤላ ቅል ለመንኮራኩር ሲውል አይተው አያውቁም። ከራሳቸው ያመጡት ሐሳብ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ለእያንዳንዱ መንኮራኩር ስምንት ስምንት መቅዘፊያ ቆረጥን። ጠርዛቸውን በሸካራ ድንጋይ የሞረድኩት እኔ ነኝ። ዘንጉ ከአሮጌ ጃንጥላ የወጣ ብረት ነበር። ዘንጉ በግራና በቀኝ የሚያርፍበትን ቀዳዳ ከበሬ ቀንድ ሠሩለት፤ ቀንድ ይለሰልሳል፣ አያብጥም። በቀዳዳው ውስጥ ከቅበላ በፊት ከሥጋ ሻጭ የወሰዱትን ሞራ ቀቡ። ሞራው በትንሽ ጣሳ ተከድኖ ሣጥናቸው ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትልቁ ሳፋ ሞከርነው። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ጠፍሩን ጠመጠሙ፣ መርከቡን ውኃው ላይ አስቀመጡ፣ ለቀቁት። መንኮራኩሮቹ ዞሩ። ቅሎቹ ውኃውን ቀለል ባለ ድምፅ እየመቱ መርከቡ የሳፋውን ጠርዝ ሄዶ ገጨ። አያ ልየው እጃቸውን ሲያብሱ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ትኩሳት የተነሣባቸው መስሎኝ ጋቢ አመጣሁላቸው።

ሹሙ የሚመጣበት ቀን ታወቀ፤ ዓርብ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ መርከብ የሚያንሳፍፍ ውኃ ስላልነበረ፣ በጥምቀት ታቦታቱ የሚወርዱበት የተገደበ ውኃ ዳር እንዲሆን ተወሰነ። ያን ጊዜ በበጋም ጥቂት ውኃ አይጠፋበትም ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እጄን ይዛ አሸተተች። ጠዋት የሞራውን ጣሳ ሳስተካክል ጣቴን ነክቶኝ ነበር።

«በጾም ሞራ ይዘሽ የጾም ዕቃዬን ትነኪያለሽ?» አለችኝ። «ይህን ነገር ነው ነገ ታቦት የሚያርፍበት ውኃ ውስጥ የምታገቡት? እንዲህ ተሠርቶ የሚቃና ነገር የለም።»

እናቴ ተናገረች፤ ወዲያው ረሳችው። ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች። እኔ ግን አልረሳሁትም። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መርከቡ ጾም ገድፎ በታቦት ውኃ ላይ ሊሄድ ነው፤ እግዜር ደግሞ አይቶ ያቆመዋል ብዬ ፈራሁ። ለአያ ልየው ልነግራቸው አሰብኩ። ሰዎች የሚሉትን ስለማይሰሙ አይሰሙኝም ብዬ ተውኩት።

እሳቸው ዲሬክተሩ ዘንድ ሄደው ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ መርከቡን አወጣሁ። የቀንዱን ቀዳዳዎችና ዘንጉን በእንዶድ አጠብኩ፤ ሞራው ምንም ሳይቀር ለቀቀ። በምትኩ የሚያንሸራትት ነገር ያስፈልግ ነበር። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ የተበጠበጠ ተልባ በቅል ተቀምጧል። ከተልባ በላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር አላውቅም፤ ደግሞም ጾም ነው። ወፍራሙን ውኃ በጣቴ እየቀዳሁ ቀዳዳዎቹን ሞላሁ፣ ዘንጉን ቀባሁ። በእጄ ሳዞረው ከሞራው ይልቅ ቀለለ። ደስ አለኝ። መርከቡን ቦታው መለስኩት።

ተልባ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን የማላውቅ ልጅ አልነበርኩም። የተልባ ቅል ሳይታጠብ ካደረ በጥፍር እንኳ እንደማይለቅ፣ ሙጫ እንደሚሆን፣ የማጥበው እኔ ስለሆንኩ አውቀው ነበር። የማውቀውን ከማደርገው ጋር አላገናኘሁትም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ተማሪው፣ መምህራኑና የሰፈሩ ሰው ውኃው ዳር ተሰለፈ። ሹሙ ኮትና ክራቫት አድርገው ከዲሬክተሩ ጎን ቆሙ። አባቴም መጥቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ነው የቆመው። አያ ልየው የታጠበ ጥብቆ ለብሰዋል። መርከቡ እንዴት እንደሚሄድ በአጭሩ ተናገሩ፤ ጠፍሩን ጠመጠሙ፤ መርከቡን ውኃው ላይ አኖሩና እጃቸውን አነሡ።

መንኮራኩሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

በጣታቸው ገፋ አደረጓቸው፤ ሩብ ያህል ዞረው ቆሙ። አንሥተው ጠፍሩን እንደ አዲስ አጠበቁ። ጎንበስ ብለው ዘንጉን አዩት፤ የደረቀ ተልባ ደግሞ ቀጭን ከሆነ አይታይም። መልሰው አኖሩት። እንደገና ቆመ።

«ተዉት እንጂ፣ ጿሚ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይነቃነቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መምህራኑም ሳቁ። ሹሙ ፈገግ ብለው ሰዓታቸውን አዩና ዲሬክተሩን አንድ ነገር ጠየቋቸው። ዲሬክተሩ ችግሩ ምን እንደሆነ አያ ልየውን ጠየቁ። እኔ ከፊት ረድፍ ነበርኩ። ከእሳቸው አምስት እርምጃ አልርቅም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«የመረጥኩት ዕቃ አልሆነም መሰለኝ» አሉ አያ ልየው።

ሹሙ ጉዟቸውን ወደ አትክልቱ ቦታ ቀጠሉ፤ ሰውም ተከተላቸው። አባቴ ማንንም ሳያይ ወደ ገበያ ሄደ። አያ ልየው ለጥቂት ጊዜ ቆመው ውኃውን ሲያዩ ቆዩና መርከቡን ሳያነሡ ወደ ቤት አቀኑ።

ሁሉም ሲሄድ ወረድኩ። መርከቡ ዳር ተጠግቶ በጎኑ ተጋድሟል፤ ዘንጉ ከነቀንዱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ላነሣው ቀና ሳደርገው እጄ ላይ ተነቃነቀ። ለቀቅኩት። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በፍጥነት መንኮራኩሮቹ ዞሩ። ቅሎቹ ውኃውን መቱ። መርከቡ ከእኔ ርቆ በቀጥታ ሄደ፤ ወዲያ ማዶ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጠፍሩ ተፈታና ቆመ። ዞር ብዬ አየሁ። ሰው አልነበረም። ተጣርቼ ማንንም መመለስ እችል ነበር፤ ድምፄ ይደርስ ነበር። አልተጣራሁም። ጉልበቴ ድረስ ገብቼ አወጣሁትና በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።

አያ ልየው ሣጥናቸውን ከፍተው ዕቃ ይከቱ ነበር። መርከቡን ተቀብለው ዘንጉን በጣታቸው አዞሩት። ያለ አንዳች መያዝ ዞረ፤ ተልባው ታጥቦ ሄዷል። ደጋግመው አዞሩት። ቀንዱን አዩ፣ ዘንጉን አዩ፣ ምንም አላገኙም። ከዚያ አንዱን የቅል መቅዘፊያ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ሳፋው ላይ ሄዶ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ወደ እኔ ቀና አሉ። «ሄዶ ነበር አይደል? አንቺ ነበርሽ።»

እስከዚያ ቀን እንዲህ ባለ ዓይን ማንም ትልቅ ሰው አይቶኝ አያውቅም። የሚጠይቁኝ ስለ ሳፋው ብቻ እንዳልነበረ ያኔም በከፊል ገብቶኛል። አገር ሁሉ በትኩሳት ያየኸው ነው ሲላቸው ከርሟል፤ አሁን እሳቸውም መጠርጠር ጀምረው ነበር። ሄዶ ነበር ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ፤ እሑድ ሄዶ ዓርብ የቆመው ለምን ነው? መካከል ላይ ማን ነካው?

«እኔ አላየሁም» አልኳቸው። «ጋቢ ላመጣ ሄጄ ነበር።»

ጋቢውን ያመጣሁት መርከቡ ከሄደ በኋላ ነበር። አያ ልየው ግን ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ ሲሞክሩ አየኋቸው፤ ዓይናቸውን አጥብበው፣ እጃቸውን እያዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያ ትኩሳቱ ነዋ» አሉ።

መቅዘፊያዎቹን አንድ በአንድ ሰብረው ምድጃ ውስጥ ጣሏቸው። ቅል ሲቃጠል ብዙ አይቆይም። ፋሲካን እንኳ አልጠበቁም፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ደጀን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጡ። አባቴ ሣጥኑን አቀበላቸው። ከመውጣታቸው በፊት ከቤታችን ደጅ ተቀምጣ ለነበረች አንዲት ጎረቤት፣ ጋምቤላ ምን ይመስላል ብላ በቀልድ ስትጠይቃቸው የመለሱትን ሰምቻለሁ።

«አላውቅም» አሉ። «ታምሜ ነበር።»